መስመር ልቀይር ወይስ ልቆይ? በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ኔትወርክን ለክቶ መወሰን

ባሕር ዳር ውስጥ «የትኛው ኔትወርክ ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ የመላሹ ቤት መልስ ነው። ሽምብጥ የሚኖረው ስለ ሽምብጥ ይነግርዎታል፣ ዘንዘልማ ግቢ ያለው ተማሪ ስለ ዶርሙ፣ የዘጌው ባለ ቡና ስለ ጓሮው። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እርስዎ ግን የሚተኙት በእነሱ ቤት አይደለም። ኔትወርክ በከተማ ስም አይለካም፤ የሚለካው በክፍል፣ በመንገድና በሰዓት ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ወደ ሥራ እስኪገባ ድረስ ምርጫው አንድ ብቻ ስለነበር ይህ ጥያቄ ራሱ አልነበረም። አሁን በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም መስመርና በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም መስመር ጎን ለጎን አሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሰባት ቀን ይፈጃል። ወጪው አንድ አዲስ ሲም፣ ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ዳታ፣ ጥቂት የድምፅ ደቂቃና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሁለተኛ ሲም የሚቀበል ስልክ ካለዎት ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

1. መጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ

«ኔትወርክ አይሠራም» የሚለው አባባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። መድኃኒታቸው ደግሞ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ሲግናሉ እርስዎ ዘንድ አለመድረሱ ነው። ታወሩ ሩቅ ነው፣ ወይም መሀል ላይ ኮረብታ፣ ሕንፃ ወይም ቆርቆሮ አለ። ምልክቱ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ፣ ከዚያም ወደ 2ጂ መውረዱና ባትሪው ቶሎ ማለቁ ነው። ስልክ ከሩቅ ታወር ጋር ሲነጋገር በሙሉ ጉልበቱ ስለሚጮህ ባትሪውን ይበላል።

ሁለተኛው መጨናነቅ ነው። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ቴሌግራም ግን ፎቶ እንኳ አያወርድም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚበር ኢንተርኔት ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተኛ፣ ችግሩ የርቀት ሳይሆን የተጠቃሚ ብዛት ነው። ተማሪ በሚበዛበት በፔዳና በፖሊ አካባቢ፣ በገበያ ቀንና በጥምቀት ሰሞን የሚያጋጥመው በአብዛኛው ይህ ነው። መስመር መቀየር ፈጥኖ የሚያድነው ይህኛውን ነው፤ የሌላው ድርጅት ታወር በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ላይኖርበት ይችላል።

ሦስተኛው የስልኩ ወይም የሲሙ ችግር ነው። አራተኛው አገልግሎቱ በአካባቢው ሲቋረጥ ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሲም መቀየር ያተረፈው ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለውን ቀን ከመለኪያዎ ያውጡት። ሁለቱም መስመሮች ዳታቸው በአንድ ጊዜ ጠፍቶ ጥሪው ብቻ ከሠራ፣ የዚያን ቀን ቁጥር በወረቀቱ ላይ አይመዝግቡ።

2. የድሮውን መስመር ከመክሰስዎ በፊት ስልኩንና ሲሙን ያጣሩ

ይህን ደረጃ ዘለው ወደ ሱቅ የሚሮጡ ብዙ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነውና አይዝለሉት።

ሲምዎ የስንት ዓመት ነው? ድሮ ለ2ጂና ለ3ጂ የተሰጠ ሲም፣ ስልኩ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን 4ጂ አያነሳም። ቁጥሩ ሳይለወጥ ሲሙን ብቻ ለመቀየር መታወቂያ ይዘው ወደ ድርጅቱ የሽያጭ ማዕከል ይሂዱ። «ኢንተርኔቴ ሞተ» የሚል ሰው ችግር በዚህ ብቻ ሲፈታ ማየት የተለመደ ነው።

ቀጥሎ በሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ምርጫው ምን ላይ እንደቆመ ይዩ። ባትሪ ለመቆጠብ አንድ ጊዜ «2ጂ ብቻ» ወይም «3ጂ ብቻ» ብለው ረስተውት ሊሆን ይችላል። «4ጂ/3ጂ/2ጂ» ወይም «አውቶ» ላይ ይመልሱት። ዳታ ጨርሶ የማይከፍት ከሆነ ኤፒኤኑን፣ ማለትም ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበትን አድራሻ፣ ያረጋግጡ። በኢትዮ ቴሌኮም «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍት ቦታ ይጻፋል። አዲስ ሲም ብዙውን ጊዜ ይህን በራሱ ይሞላል፤ ካልሞላ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ነው።

ከውጭ አገር የመጣ ስልክ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ለአንድ ድርጅት የተቆለፈ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ሞገዶቹ ከእኛ አገር ጋር ይገጥማሉ ወይ? ዝቅተኛ ሞገድ፣ ማለትም 800 እና 900 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም ያልፋል። ከፍተኛው፣ ከ1800 ጀምሮ ያለው፣ ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ ግን ቶሎ ይደክማል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች 800 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን 4ጂ አያነሱም። እንዲህ ያለ ስልክ ይዘው ከከተማ ወጣ ሲሉ 4ጂ ቢጠፋ፣ ጥፋቱ የድርጅቱ ላይሆን ይችላል።

3. የራስዎን ካርታ ይሥሩ

ወረቀቱ ላይ ከአምስት የማይበልጡ ቦታዎች ይጻፉ። መምረጫው ረጅም ሰዓት የሚቀመጡበት መሆኑ ሳይሆን ኔትወርክ ሲጠፋ የሚከስሩበት መሆኑ ነው። ለሞተር ጀልባ ነጂ ወደቡና የሐይቁ መሀል ከመኝታ ክፍሉ ይበልጡበታል። ለቀበሌ 14 ባለ ሱቅ የሱቁ ውስጠኛ ጥግ ነው፤ ክፍያ የሚቀበለው እዚያ ስለሆነ። ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አዳሪ ሆኖ ለሚሠራ ሰው የተረኛ ክፍሉ ነው። ባጃጅ ለሚያሽከረክር ደግሞ ነዳጅ ማደያው ሳይቀር ይገባል፤ ክፍያው በስልክ ነውና እዚያ ኔትወርክ ከሌለ ሰልፉ ከንቱ ነው።

ለእያንዳንዱ ቦታ «ውስጥ» እና «ደጅ» ብለው ሁለት ረድፍ ያስምሩ። ይህ ልዩነት በኋላ ፍርዱን የሚሰጠው ነው። በጭቃ የተመረገ ቤት ሲግናልን በግድግዳው ያስገባል፣ የሚከለክለው ጣሪያው ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ሱቅና የላሜራ በር ያለው መጋዘን ግን እንደ ተዘጋ ጣሳ ነው። አንጸባራቂ መስታወት የለበሱት አዳዲስ ፎቆችም ከሚታሰበው በላይ ይከለክላሉ፤ በመስታወቱ ላይ ያለው ቅብ ስስ ብረት ነውና። የፎቅ ምድር ቤት ስለሚባለው ማውራትም አያስፈልግም።

ሰዓቱ አራት ይሁን፤ ጠዋት 1፣ ቀትር 6፣ አመሻሽ 12፣ ማታ 2 ሰዓት። ከሰባቱ ቀን ቢያንስ አንዱ ቅዳሜ፣ አንዱ መብራት የሄደበት ቀን መሆን አለበት።

4. ሁለተኛውን ሲም ያውጡ፤ የድሮውን አይጣሉ

ሲም የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዘው ይሂዱ፤ ፋይዳ ካለዎት እሱን ያስቀድሙ። በስምዎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። መንገድ ላይ «የወጣ ሲም አለ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎ አይግዙ። ሲሙ በሌላ ሰው ስም ስለሆነ ቢጠፋብዎ ማስመለስ አይችሉም፤ ባንክ ላይ ካሰሩት ደግሞ የገንዘብዎ ቁልፍ በማያውቁት ሰው ስም ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ መለኪያውን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ስህተት አለ። በብዙ ርካሽና ቆየት ባሉ ስልኮች ሁለተኛው የሲም ቦታ 2ጂ ወይም 3ጂ ብቻ ነው የሚያነሳው። አዲሱን ሲም እዚያ ከተው ከሞከሩት ደካማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከሰባቱ ቀን በአራተኛው ሲሞቹን ቦታ ያቀያይሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናትና የኋለኞቹን ለየብቻ ይመዝግቡ። ሲሞቹን ካቀያየሩ በኋላ ውጤቱም ቦታውን ተከትሎ ከተቀያየረ፣ የለካችሁት ኔትወርኩን ሳይሆን የስልኩን ጎን ነው። በአንዳንድ ስልክ ደግሞ ሁለተኛው ሲም የሚገባው ሜሞሪ ካርዱ ወጥቶ ነው፤ ፎቶዎችዎን ቀድመው ይገልብጡ።

ትንሽ ጥቅል ይግዙ፤ በኢትዮ ቴሌኮም በ*999#፣ በሳፋሪኮም በ*777#። የወር ጥቅል አሁን አይግዙ። ሲገዙም ደቂቃው «ወደ ሌላ ኔትወርክ» ይሠራ እንደሆነ ያንብቡ። እናትዎም ደንበኛዎም 09 ላይ ሆነው የእርስዎ ርካሽ ጥቅል ከ07 ወደ 07 ብቻ ከሆነ፣ ርካሽነቱ ለእርስዎ አይደለም።

5. ሲግናሉን በቁጥር ይለኩ

ስልኩ ራስ ላይ ያሉትን የሲግናል ሰረዞች አይመኑ። አንዱ አምራች ሦስት የሚለውን ሌላው አምስት ይለዋል። ቁጥሩ የሚገኘው በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ»፣ ከዚያ «የሲም ሁኔታ»፣ ከዚያ «የሲግናል ጥንካሬ» በሚለው ሥር ነው። በዚህ ካልተገኘ *#*#4636#*#* ይሞክሩ፤ በሳምሰንግ *#0011#፣ በአይፎን *3001#12345#* ብለው መደወያውን ይጫኑ።

የሚያዩት በዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) የተጻፈ ኔጌቲቭ ቁጥር ነው። ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል፤ −85 ከ−105 ይሻላል። በ4ጂ ከ−90 በላይ ያለው በጣም ጥሩ ነው። ከ−90 እስከ −105 በሰላም ያሠራል። ከ−105 እስከ −115 ባለው መሀል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይቆራረጣል። ከ−115 በታች ከሆነ ነገ እንደሚጠፋ ይቁጠሩት። እያንዳንዱ የ10 ልዩነት ኃይሉን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል፤ ስለዚህ −110 የ−90 አንድ መቶኛ ብቻ ነው። «ሃያ ቁጥር ብቻ ነው» ብለው አያቅልሉት።

የ4ጂን ቁጥር ከ3ጂ ቁጥር ጋር አያወዳድሩ። አለካካቸው ስለሚለይ የ4ጂ −100 ደህና ሲሆን የ3ጂ −100 ደካማ ነው። ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ 4ጂ፣ 3ጂ ወይም 2ጂ ብለው ይጻፉ።

ቦታው ላይ ቆመው 15 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው እንደገና፤ ሦስተኛም። መካከለኛውን ይያዙ። ስልኩን በመዳፍዎ ሙሉ አይጨብጡት፣ የብረት ሽፋን ካለውም ያውልቁት። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ይለኩ፤ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ለክቶ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

6. ጥሪውን በሁለቱም አቅጣጫ ይፈትኑ

ሰው ሁሉ የሚፈትነው መደወልን ነው። የሚጎዳው ግን ሲደወልልዎ አለመግባቱ ነው። ስልኩ ላይ ሲግናል እየታየ ደዋዩ «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም» የሚባለው፣ ታወሩ ስልኩን ሲጠራው ስልኩ ስላልሰማ ወይም መልሱ ታወሩ ጋ ስላልደረሰ ነው። ታወሩ በአሥራዎች ዋት ይጮሃል፣ ስልክዎ በ4ጂ ላይ ከ0.2 ዋት አያልፍም። ስለዚህ እርስዎ ታወሩን እየሰሙት እሱ እርስዎን የማይሰማበት ቦታ አለ። በ900 ሜጋኸርዝ 2ጂ ላይ ስልክ እስከ 2 ዋት ማውጣት ስለሚችል፣ 4ጂ የማይደርስበት ገጠር ውስጥ ጥሪ የሚሄደው በዚሁ ነው።

በየቦታው በየመስመሩ 5 ጊዜ ይደውሉ፣ 5 ጊዜ ያስደውሉ። በአምስት ቦታ ለሁለት መስመር 100 ጥሪ ይሆናል፤ በሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 14 ገደማ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ይህን ኃላፊነት ቢወስድ ይበቃል፤ መቼ እንደሚደውል አይንገርዎት። የሚመዘገቡት አራት ነገሮች ናቸው፦ ገባ ወይስ አልገባ፣ ለመጥራት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጀ ወይ፣ ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ተሰማ ወይ፣ መሀል ላይ ተቋረጠ ወይ።

ጥሪ ሲገባ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ የሚወርድ ከሆነ ዳታው ለጊዜው ይዳከማል ወይም ይሞታል። በሆትስፖት ላፕቶፕ ለሚያሠሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በየጥሪው ስብሰባው ሊቋረጥ ይችላል። አንዱ ሲም ላይ እያወሩ ሌላው ሲም እንደማይገኝም ይወቁ፤ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች አንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው ማስተናገድ የሚችሉት። በመለኪያ ወቅት ይህን እንደ ኔትወርክ ጥፋት አይቁጠሩት።

7. ዳታውን በሥራዎ ልክ ይፈትኑ

ስፒድቴስት (የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ) ሲከፍቱ የሚለካበትን ሰርቨር ራሱ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም የዚያኑ ድርጅት ወይም ቅርቡን ያነሳል። ለሁለቱም መስመር አንድ ሰርቨር በእጅ መርጠው ይያዙ። አለበለዚያ የሚያወዳድሩት ሰርቨር ነው። አንድ ፍተሻ መስመሩ በሰከንድ በ20 ሜጋቢት ሲሄድ ከ30 እስከ 50 ሜጋባይት ይበላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን ብትሉ ለአንድ መስመር 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዋይፋይ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ይህን ረስቶ የካፌውን ዋይፋይ የለካ ሰው አይጠፋም።

ትልቁ ቁጥር ላይ አይፍዘዙ። ለቪዲዮ ጥሪ በሁለቱም አቅጣጫ ከ1 እስከ 2 ሜጋቢት ይበቃል፤ ለድምፅ ጥሪ በቴሌግራም ወይም በኢሞ ከዚያም ያነሰ። ይልቅ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛው መላኪያው ነው። ማውረጃው 15 ሆኖ መላኪያው 0.3 ከሆነ፣ የዕቃ ፎቶ ለደንበኛ የሚልክ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል። ሁለተኛው ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ነው። ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነ ንግግር አይቆራረጥም፤ አንዴ 60፣ አንዴ 700 የሚል መስመር ግን ፍጥነቱ ቢበዛም ያናድዳል።

ከስፒድቴስት በላይ ደግሞ የራስዎን ሥራ ይፈትኑ። አንድ የባንክ ማስተላለፍ፣ አንድ የ10 ሜጋባይት ፋይል መላክ፣ አንድ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ጥሪ። ማታ 2 ሰዓት ላይ።

8. መብራት ሲሄድ

ይህን ሳይፈትኑ አይወስኑ። ታወር የሚኖረው በመብራት ነው፤ መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪ፣ ያለው ደግሞ ወደ ጄኔሬተር ይዞራል። ባትሪው ሲያልቅ ታወሩ ይጠፋል፣ ስልክዎም ወደ ሩቁ ታወር ይዞራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ ስለሚዞር ያኛውም ይጨናነቃል።

መብራት በሄደ ጊዜ ሰዓቱን ይጻፉ። ከ30 ደቂቃ፣ ከ2 ሰዓትና ከ4 ሰዓት በኋላ የሁለቱንም መስመር ዲቢኤም ይመዝግቡ፤ አንድ አንድ ጥሪም ያድርጉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥሩ በ20 ዝቅ ካለ ቅርቡ ታወር ሞቷል ማለት ነው። ሳፋሪኮም የራሱን ታወሮች ከመትከሉ ሌላ ከኢትዮ ቴሌኮምም ይከራያል። ስለዚህ በአንዳንድ ሰፈር የሁለቱም አንቴና አንድ ምሰሶ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰፈር ሁለት ሲም መያዝ ለመብራት መጥፋት ዋስትና አይሆንም። ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ከጠፉ ምሰሶው አንድ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ክረምት ላይ «ዝናቡ ኔትወርክ አጠፋው» ይባላል። በሞባይል ሞገድ ላይ ዝናቡ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። የሚያጠፋው ዝናቡ ያመጣው የመብራት መቋረጥና ውሃ ያዘለ የዛፍ ቅጠል ነው። ስለዚህ በበጋ የለካ ሰው፣ ቤቱ በማንጎና በዋርካ የተከበበ ከሆነ፣ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ደግሞ ይለካ።

9. ለሐይቁ ሰዎች

ጣና ላይ ሲግናል የሚያሳየው ጠባይ ከየብስ ይለያል። መሀል ላይ ቤትና ኮረብታ ስለሌለ ሩቅ ይሄዳል፤ ከከተማው ርቀው 4ጂ ማየት አያስገርምም። ገደቡ የምድር ክብነት ነው። 40 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አንቴና ጀልባ ላይ ለተቀመጠ ሰው እስከ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ብቻ ነው «የሚታየው»። 2ጂ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ስልክ ጋር አይነጋገርም፣ ሲግናሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ሐይቁ ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ደቅ ወይም ወደ ጎርጎራ ሲያቀኑ አንዱን ዳር ለቀው ሌላው ዳር ያልደረሱበት ዝም ያለ ስፍራ ሊያጋጥምዎ ይችላል።

ውሃው ሲግናሉን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው፣ ቀጥታ የመጣውና ከውሃ የተመለሰው ሲጋጩ ቁጥሩ በጥቂት ሜትር ውስጥ ይዋዥቃል። ቆመው መለካትና ከብረት ጣሪያው ሥር ወጥቶ መለካት ይሻላል። ከጠዋቱ ይውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ሞገድ ሲበዛ ስልክ ይዞ መቆም ደግ አይደለም። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ እንዳለም መለካት ይቻላል።

በየ10 ደቂቃው የሁለቱንም መስመር ቁጥርና የኔትወርክ ዓይነት ይጻፉ። ዘጌ ሲደርሱ ወደቡ ላይ አንድ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው የቡና ደን መንገድ መሀል አንድ፣ ከላይ አንድ ይለኩ። ደኑ ውስጥ ቁጥሩ መውረዱ ስለማይቀር በወደቡ ውጤት ብቻ አይፍረዱ። ለጀልባ ሰው መመዘኛው ዳታ አይደለም፤ ሞተር ቆሞ ለእርዳታ ሲደወል የሚገባው መስመር የትኛው ነው የሚለው ነው። በመንገዱ ላይ ባዶ ስፍራው ያነሰበትን መስመር ዋናው ያድርጉ፤ ሌላውንም ከጀልባው አያውርዱ።

10. ፍርዱ

ወረቀቱን ዘርግተው በዚህ ይመልከቱት።

ሁለቱም መስመሮች ደጅ ላይ ጥሩ ሆነው ውስጥ የሚወርዱ ከሆነ፣ የታመመው ቤቱ ነው። መስመር አይቀይሩ። 4ጂ ራውተር ገዝተው መስኮት ላይ ወይም ከቆርቆሮው ውጭ ዝናብ በማያገኘው ጣሪያ ጥግ ያስቀምጡና ቤት ውስጥ በዋይፋይ ይጠቀሙ። ያለ ፈቃድ የሚሸጡ የኔትወርክ ማጉያዎችን አይግጠሙ፤ የሰፈሩን ታወር ያውካሉ፣ የጎረቤትዎንም ጥሪ ያቋርጣሉ።

የሲግናል ልዩነቱ ከ10 ዲቢኤም በታች፣ የጥሪ ልዩነቱ ከ10 በአንድ የማይበልጥ ከሆነ ባሉበት ይቆዩ። ቁጥር መቀየር የሚያስከትለውን ጣጣ የሚያህል ትርፍ የለውም።

ጥሪው እኩል ሆኖ የአዲሱ ዳታ ማታ ማታ በእጥፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ የድሮውን ለጥሪና ለባንክ ይተዉት፣ ዳታውን ብቻ ወደ አዲሱ ያዙሩት። በባሕር ዳር ለብዙው ሰው የምንመክረው ይህንን ነው። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ለዳታ የሚያገለግል ሲም» የሚለውን መቀየር ብቻ ነው።

አዲሱ መስመር ገቢ ጥሪ ላይ ከ10 ሁለትና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ከሆነ፣ ያውም ሰው ሊያገኝዎ ግድ በሆነበት ቦታ፣ ያን ጊዜ ይቀይሩ።

11. ከቀየሩ፣ አወጣጡ

አዲስ ሲም አዲስ ቁጥር ነውና ችኮላ ያስከፍላል። ለሦስት ወር ሁለቱንም ይዘው ይቆዩ። መጀመሪያ ወደ ባንክ ቅርንጫፍ መታወቂያ ይዘው ሄደው ቁጥሩን ያስቀይሩ፤ በአዲሱ ቁጥር የገንዘብ መልእክት ገብቶ እስኪያዩ ድረስ ተቀይሯል አይበሉ። ፋይዳ ላይ የተመዘገበውንም ያስቀይሩ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው እዚያ ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ «ቁጥር ቀይር» የሚል አላቸው፤ ግሩፑና መልእክቱ አይጠፋም፣ አዲስ አካውንት መክፈት አያስፈልግም። ቴሌብር ላይ ያለውን ገንዘብ ወደ ባንክ ያውጡ።

ስልክዎ አንድ ሲም ብቻ የሚቀበል ከሆነ የድሮው ቁጥር በማይገኝበት ጊዜ ጥሪው ወደ አዲሱ እንዲዞር ማድረግ ይሞከራል፦ ከድሮው ሲም **62*አዲሱ ቁጥር# ብለው ይደውሉ፤ ለመሰረዝ ##62#። የተዘዋወረው ጥሪ ሂሳብ የሚወጣው ከድሮው ሲም ስለሆነ ብር ይኑርበት። ከሌላ ስልክ ደውለው መዞሩን ሳያረጋግጡ ሲሙን አያውጡ።

የድሮውን ሲም መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳት አደገኛ ነው። ለብዙ ወራት ያልተሞላና ያልተደወለበት ቁጥር ይዘጋል፣ ቆይቶም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ቁጥር ባንክ ላይ ታስሮ ከቀረ የማለፊያ መልእክትዎ የሚደርሰው ለማያውቁት ሰው ነው። ወይ በየወሩ ትንሽ ካርድ እየሞሉ አንድ ጥሪ ያድርጉበት፣ ወይ ከሁሉም ነገር ነቅለው ሲጨርሱ ራስዎ ወደ ሽያጭ ማዕከሉ ሄደው ያዘጉት። ጥያቄ ካለ 994 ኢትዮ ቴሌኮም፣ 700 ሳፋሪኮም ነው። ሲደውሉ ወረቀቱን ይዘው ይደውሉ፤ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ «ጥበበ ግዮን አጠገብ፣ ማታ 2 ሰዓት፣ 4ጂ −118፣ ከአምስት ጥሪ ሁለት አልገቡም» ሲሉ አቤቱታው ወደ ቴክኒክ ሰዎች የሚተላለፍ ጉዳይ ይሆናል።